ባሕር ያስቀራቸውን የጠየቁ ኸሊፋ፦ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ በ641 አካባቢ፣ ዐልቀማ ኢብኑ ሙጀዚዝ አል-ሙድሊጂ የሚመሩት የሙስሊሞች ቡድን በመርከብ ተሳፍሮ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ሐበሻ አቀና። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ኢማም ጦበሪ እንደዘገቡት፣ ቡድኑ የተላከው ከሐበሻ በኩል በሙስሊሞች ይዞታ ዳርቻ ላይ ጥቃት ደርሷል በሚል ነበር። ጉዞው በጥፋት አበቃ። ላኪው አሚሩል ሙእሚኒን ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ነበሩ። ዘገባው ማዕበሉን ወይም የሄዱትን ሰዎች ስለ መውቀሳቸው አንድም ቃል የለውም። የሚነግረን ከዚያ በኋላ ማንንም ሙስሊም በባሕር ላይ ላለመላክ በራሳቸው ላይ ግዴታ መጣላቸውን ነው።

የዑመርን (ረ.ዐ) ሕይወት አብዛኞቻችን የምናውቀው በፍትሓቸው፣ በሌሊት ዙረታቸውና በተጣጣፈ ልብሳቸው ነው። ከባሕር ጋር የነበራቸው ታሪክ ግን ብዙም አይነገርም። ልጆቻችን ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከጭሮና ከሚኤሶ ተነስተው በጅቡቲ በኩል ወደ የመን በጀልባ በሚሳፈሩበት በዚህ ዘመን፣ ይህን የሕይወታቸውን ገጽ ገልጦ ማየት ይጠቅመናል።

የሐበሻ ስደተኞችን ሲሸኙ

ዑመር (ረ.ዐ) የተወለዱት በመካ፣ ከዝሆኑ ዓመት 13 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጎሳቸው በኑ ዐዲይ ይባላል። በልጅነታቸው የአባታቸውን የኸጣብን ግመሎች ይጠብቁ ነበር። አባታቸው ቁጡ ስለነበሩ ሥራው ይበዛባቸው ነበር፤ ኸሊፋ ከሆኑ በኋላም በዚያ የእረኝነት ስፍራ ሲያልፉ ያለፈውን እያስታወሱ አላህን ያመሰግኑ ነበር። በጊዜው በመካ ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቁረይሾች ከሌላ ጎሳ ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው መልእክተኛ አድርገው የሚልኩትም እርሳቸውን ነበር።

እስልምና ሲመጣ ግን በአዲሶቹ አማኞች ላይ ክንዳቸው ከበረታባቸው ሰዎች መካከል ሆኑ። በነብይነት 5ኛው ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መከራ የበዛባቸው ሰሓቦች ሰው ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር፣ ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው። አሥራ አንድ ያህል ወንዶችና አራት ሴቶች ከመካ በድብቅ ወጥተው ሹዐይባ ወደተባለው ወደብ ደረሱ። በዚያ ያገኟቸው ሁለት የነጋዴ መርከቦች በግማሽ ዲናር ጫኗቸው። ቁረይሾች እየተከታተሏቸው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደው ነበር።

ከሚሄዱት አንዷ ለይላ ቢንት አቢ ሐስማ ነበሩ። ለጉዞው ሲዘጋጁ ባለቤታቸው ዐሚር ኢብኑ ረቢዓ ለጉዳይ ወጣ ብለው ነበር። በዚህ መሐል ዑመር መጥተው ቆሙና ልትሄዱ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ለይላም መበደላቸውን፣ አላህ መውጫ እስኪያበጅላቸው ድረስም በአላህ ምድር እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ዑመር አልተቆጡም፤ አላህ አብሯችሁ ይሁን ብለው ሄዱ። ለይላ ከዚያ በፊት በእርሳቸው ላይ አይተውት የማያውቁትን ርኅራኄና ሐዘን በፊታቸው ላይ አዩ። ባለቤታቸው ሲመለሱ ይህንን ቢነግሯቸው፣ የኸጣብ አህያ ካልሰለመ የኸጣብ ልጅ አይሰልምም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

አላህ (ሱ.ወ) ግን ሌላ ፈቅዶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ27 ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ሰለሙ። ታዋቂው የሲራ ዘገባ በእህታቸው በፋጢማ ቤት የሱረቱ ጧሃ አንቀጾችን አንብበው ልባቸው እንደተነካ ያወሳል። ባሕር ለመሻገር የተነሱ ስደተኞች ያሳደሩባቸው ሐዘን ግን ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር።

የመርከቧ ሰዎች

በሐበሻ የቀሩት ሰሓቦች በጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) መሪነት የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ኸይበር በተከፈተበት ወቅት ነው። ከነርሱም ጋር አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። እነዚህ ከየመን ወደ መዲና ሲጓዙ መርከባቸው ወደ ሐበሻ ጥላቸው ነበር፤ ከጀዕፈር (ረ.ዐ) ጋር ቆይተው አብረው መጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የጀዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የዑመርን ልጅ፣ የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ሊጠይቁ ሄዱ። ዑመር (ረ.ዐ) ገብተው ማን እንደሆኑ ጠየቁ። ስማቸው ሲነገራቸው፣ ይቺ ሐበሻዊቷ፣ ይቺ የባሕሯ ሴት ናት ወይ ብለው ደገሙ። ቀጥለውም በሒጅራ ስለቀደምናችሁ ለአላህ መልእክተኛ ከናንተ ይልቅ እኛ የቀረብን ነን የሚል ንግግር ተናገሩ።

አስማ (ረ.ዐ) ተቆጡ። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ነበራችሁ፤ የተራበ ሲያበሉላችሁ፣ ያላወቀ ሲያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅና በባዕድ አገር፣ በሥጋትና በመከራ ውስጥ ነበርን፤ ያም ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ነበር ብለው መለሱ። ጉዳዩን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪናገሩ ድረስ ምግብም ውሃም እንደማይቀምሱ ማሉ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፍርዱን ሰጡ፤ ዑመርና ባልደረቦቻቸው አንድ ሒጅራ እንዳላቸው፣ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ገለጹ። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው በዚህ ሐዲስ መሠረት፣ ከሐበሻ የተመለሱት ሰሓቦች ይህንን ቃል ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ አስማ ይመጡ ነበር። በዱንያ ከዚህ የሚበልጥ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም።

ባሕር ተሻግሮ በባዕድ አገር የተንገላታ ሰው አገር ቤት ከቆየው እንደማያንስ ዑመር (ረ.ዐ) በዚያ ቀን ሰሙ። ኋላ ሥልጣኑ በእጃቸው ሲገባ ስለ ባሕር የወሰኑትን ስናይ ይህን ትዝታ ይዘን ማየት እንችላለን።

ውሃ ያልለያቸው ከተሞች

ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ የሆኑት በ13ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 634) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ሕልፈት በኋላ ነው። በዘመናቸው ኢራቅ፣ ሻምና ግብፅ ተከፈቱ። ሠራዊቱ የሚሰፍርባቸው አዳዲስ ከተሞች፣ በስራ፣ ኩፋና ፉስጣጥ፣ ሲቆረቆሩ አንድ መመሪያ ሰጡ። በእርሳቸውና በሠራዊቱ መካከል ውሃ እንዳይኖር፤ በፈለጉ ጊዜ መጓጓዣቸው ላይ ወጥተው ያለ ምንም መሻገሪያ ሊደርሱባቸው እንዲችሉ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በግብፅ መቀመጫቸውን ከእስክንድርያ ትተው በፉስጣጥ ያደረጉትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ተዘግቧል። ኸሊፋው ችግር ከመጣ ደርሰው ሊጠይቁት፣ ደርሰው ሊረዱት የማይችሉትን ሰው ማሰማራት አልፈለጉም።

ያም ሆኖ አልታዘዝ ያለ ሹም አልጠፋም። በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ የበሕረይን አስተዳዳሪ አል-ዐላእ ኢብኑል ሐድረሚ (ረ.ዐ) ያለ ፈቃድ ሠራዊት በመርከብ ጭነው ወደ ፋርስ ተሻገሩ። በዚያ ተዋጉ፤ ጠላት ግን በነርሱና በመርከቦቻቸው መካከል ገባ፤ የመመለሻ መንገድ ጠፋ። ዑመር (ረ.ዐ) ወሬው ሲደርሳቸው ሁለት ነገር አደረጉ። በመጀመሪያ ከበስራ ብዙ ሠራዊት በየብስ አስነስተው የተከበቡትን አስወጡ። ቀጥሎ አል-ዐላእን ከሥልጣን አንስተው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ሥር እንዲሆኑ አዘዙ። ይህ ለእርሳቸው እጅግ የከበደ ቅጣት ነበር።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ነፍስ ማዳኑ ቀደመ፤ ጥያቄው ተከተለ። አል-ዐላእ ታላቅ ሰሓባ ነበሩ፤ ዓላማቸውም መጥፎ አልነበረም። ይሁንና የሰው ነፍስ ላልተፈቀደ አደጋ ተጋልጦ ነበርና ደረጃቸው ከተጠያቂነት አላዳናቸውም።

የዐልቀማ ጉዞ በጥፋት የተጠናቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። የሻም አስተዳዳሪ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) በባሕር ወደ ቆጵሮስ ለመዝመት በተደጋጋሚ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ወዲያው አልመለሱም። ባሕሩ ምን እንደሚመስል ወደሚያውቁት ወደ ዐምር ኢብኑል ዓስ ጽፈው ጠየቁ። ዐምርም በግዙፍ ፍጥረት ላይ የሚሳፈር ትንሽ ፍጥረት እንደሆነ፣ በላዩ ያለ ሰው በእንጨት ላይ እንዳለ ትል እንደሚሆን፣ እንጨቱ ቢያጋድል እንደሚሰምጥ ገለጹላቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ሲያነቡ ፈቃዱን ከለከሉ። የአንድ ሙስሊም ነፍስ ሮማውያን ካላቸው ሀብት ሁሉ እንደሚበልጥባቸው ለሙዓዊያ አሳወቁ፤ አል-ዐላእ ከእርሳቸው የደረሰባቸውንም አስታወሷቸው።

ይህ ግን ከባሕር መራቅ ብቻ አልነበረም። ግብፅ ከተከፈተች በኋላ ከዓባይ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ቁልዙም የሚደርሰው ጥንታዊ ቦይ በትእዛዛቸው እንደገና ተቆፈረ። የአሚሩል ሙእሚኒን ቦይ ተባለ። የግብፅ እህል በመርከብ የመዲና ወደብ ወደሆነው ወደ ጃር ይመጣ ጀመር። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ዐረቢያን በመታው ድርቅ፣ ሰው እስኪጠግብ ድረስ ሥጋና ቅቤ አልቀምስም ብለው ዘይት ብቻ በመብላት ፊታቸው የጠቆረው ኸሊፋ፣ የረሃብን ክብደት ያውቁ ነበር። ጥቅሙ ለሕዝብ ሲሆንና መንገዱ ሲታወቅ በባሕር ተጠቅመዋል። የከለከሉት በሰው ነፍስ መወራረድን ነው።

መዝገቡና መርማሪው

በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ዑመር (ረ.ዐ) ዲዋንን፣ የሕዝብ መዝገብን፣ አቋቋሙ። የሰዎች ስም በየጎሳቸው ተጻፈ፤ ከበይተል ማል ድርሻቸው ተወሰነላቸው። መጀመሪያ ለሕፃናት የሚቆረጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንዲት እናት ድርሻው ቶሎ እንዲደርሳት ሕፃኗን ያለ ጊዜው ጡት ስታስጥል በሌሊት ዙረታቸው ካገኙ በኋላ ግን፣ ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲመዘገብ አዘዙ። ስሙ የተጻፈ ሰው ሲጠፋ መጥፋቱ ይታወቃል።

በየሹማምንቱ ላይ አቤቱታ ሲመጣ ደግሞ የሚልኩት የታመነ መርማሪ ነበራቸው፤ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ (ረ.ዐ)። የኩፋ ሰዎች በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ላይ በከሰሱ ጊዜ ምርመራው በዝግ ቤት አልተካሄደም። መርማሪው ሰዕድን ይዘው በከተማይቱ መስጂዶች ሁሉ እየዞሩ ሕዝቡን በግልጽ ጠየቁ። ከአንድ መስጂድ በቀር ሁሉም በመልካም መሰከሩላቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዕድን ለጊዜው ቢያነሷቸውም፣ በመሞቻቸው ሰዓት ያነሷቸው በድክመት ወይም በክሕደት እንዳልነበረ ለሕዝቡ አሳወቁ። ምርመራ ጥፋተኛውን እንደሚለይ ሁሉ የንጹሑንም ስም ያጠራል።

ራሳቸውንም ከዚህ አላወጡም። አንዲት ሴትን ለጥያቄ አስጠርተው ከድንጋጤ የተነሳ እንዳስወረዳት ተዘግቧል። ሰሓቦችን አማከሩ። አንዳንዶቹ ሥርዓት ማስከበር ሥራዎ ስለሆነ ምንም የለብዎትም አሉ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ግን የደም ካሣው በእርስዎ ላይ ነው አሉ። ዑመርም የዐሊይን ፍርድ ተቀበሉ። ሆን ብለው ያላደረጉት፣ በሥልጣናቸው ምክንያት የደረሰ አደጋ ነበር። በኤፍራጥስ ዳርቻ አንድ እንስሳ በቸልተኝነት ቢሞት አላህ እንዳይጠይቃቸው ይፈሩ የነበሩት ኸሊፋ፣ በሰው ነፍስ ላይ እጃቸውን ሊታጠቡ አልቻሉም።

የጠፋ ሰው ቤተሰብ

የዑመርን (ረ.ዐ) ፍትሕ ከኛ መንደር ጋር በቅርቡ የሚያገናኘው ግን ሌላ ፍርዳቸው ነው። በሌሊት ዙረታቸው ባሏ ዘምቶ የራቀባት ሴት በብቸኝነት ስታዝን ሰሙ። ሴት ከባሏ ተለይታ ምን ያህል እንደምትታገሥ ልጃቸውን ሐፍሷን ጠየቁ። መልሱን ተቀብለው፣ ዘማች ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ ገደብ አበጁለት። እንደ ዘገባዎቹ ልዩነት ገደቡ አራት ወይም ስድስት ወር ነው።

ባሏ ጠፍቶ የት እንዳለ ላልታወቀ ሴት ደግሞ አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንድትቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ማግባት እንደምትችል መፍረዳቸውን ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ዘግበዋል። በሐረርጌ በስፋት በምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ፣ የኢማሙ የኋለኛው አስተያየት የባሏ ሞት ወይም ፍቺ እርግጥ እስኪሆን ድረስ ትጠብቃለች የሚል ነው። ፍርዱ የቃዲው ነው። ሁለቱም አስተያየቶች ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ መረጃ። ሰውየው መቼ ሄደ? ከማን ጋር? የት ደረሰ? ማን አየው?

ዛሬ ይህ ጥያቄ በየቤታችን አለ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 በየመን አብየን ዳርቻ በተገለበጠችው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ2016 የጸደይ ወራት ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት በኦቦክ አካባቢ፣ በጎዶሪያ ዳርቻ ሰጥመዋል። በነሐሴ 2009 በየመን ሸብዋ ዳርቻ አሸጋጋሪዎች ከመቶ በላይ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ወጣቶችን በግድ ወደ ባሕር አስወርደዋል፤ ብዙዎቹም ሰጥመዋል።

የተመዘገበች መርከብ አደጋ ሲደርስባትና ሰው ሲሞትባት፣ እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ሰንደቅ ዓላማዋን የምታውለበልብለት አገር የአደጋውን መንስኤ የመመርመር ግዴታ አለበት። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ይታያል፤ የጭነቱ ልክ ይጣራል፤ ሪፖርት ይወጣል። የአሸጋጋሪ ጀልባ ግን ሰንደቅም ዝርዝርም የላትም። ተሳፋሪው ከአንድ አገር፣ ተነሺዋ ከሌላ አገር፣ መስጠሚያዋ በሦስተኛው አገር ውሃ ይሆናል። የተገኘው አስከሬን በዚያው ዳርቻ ያለ ስም ይቀበራል። ቤተሰብ ደግሞ ስልክ ይጠብቃል።

መምህር በነበርኩበት ጊዜ በየሰሚስተሩ መጀመሪያ ስም ስጠራ ዝምታ የሚመልስልኝ ስም አይጠፋም ነበር። ጓደኞቹ መሄዱን ብቻ ይነግሩኛል። በስሙ ላይ መስመር እናሰምራለን፤ ዝርዝሩ ይቀጥላል። የትምህርት ቤት መዝገብ የቀረ ተማሪን ይሰርዛል እንጂ አይፈልገውም። የዑመር (ረ.ዐ) መዝገብ ግን ሰውን ለመፈለግ ያገለግል ነበር።

ስም በሌለበት ውርስ አይከፈልም፤ ዕዳ አይከፈልም፤ ሚስት ዒዳዋን ከየትኛው ቀን እንደምትጀምር አታውቅም፤ እናትም ለልጇ ሰላተል ጋኢብ ይሰገድለት ወይስ ይመለስልኝ ብላ ዱዓ ታድርግ እያለች ትዋልላለች። ስለዚህ ስለ ሰመጠች ጀልባ መጠየቅ የፖለቲካ ወሬ ብቻ አይደለም። የሸሪዓ ሐቆች የተንጠለጠሉበት ጉዳይ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

በ21ኛው ዓመተ ሒጅራ ከነሃወንድ ዘመቻ መልእክተኛ መጣ። የሟቾችን ስም እየጠራ ቆየና፣ ሌሎችም አሚሩል ሙእሚኒን የማያውቋቸው ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ። ዑመር (ረ.ዐ) አለቀሱ። እርሳቸው ባያውቋቸውም አላህ እንደሚያውቃቸው ተናገሩ።

በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በዙልሒጃ ወር መጨረሻ (እ.ኤ.አ ኅዳር 644) የፈጅርን ሰላት ሲያሰግዱ አቡ ሉእሉአ በስለት ወጋቸው። በቁስሉ ላይ ሆነው መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የገደላቸው ማን እንደሆነ እንዲጣራ ማድረግ ነበር። ቀጥለው ልጃቸውን ዐብደላህን ዕዳቸውን እንዲቆጥሩ አዘዙ። 86 ሺህ ያህል ሆነ። ከቤተሰባቸው ገንዘብ፣ ካልበቃም ከጎሳቸው ተሰብስቦ እንዲከፈል ኑዛዜ ሰጡ። ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ለመቀበር የዓኢሻን (ረ.ዐ) ፈቃድ አስጠየቁ፤ በሕይወት እያሉ የተሰጣቸው ፈቃድ በይሉኝታ እንዳይሆን፣ ከሞቱ በኋላ ጀናዛቸው በር ላይ ቆሞ እንደገና እንዲጠየቅ አሳሰቡ። የሚተካቸውንም ስድስት ሰሓቦች ተማክረው እንዲመርጡ አደረጉ። ዕዳቸውም፣ አማናቸውም፣ ቀብራቸውም በይሁንታና በምስክር ተጠናቀቀ።

የባሕሩ ጉዳይ ከእርሳቸው በኋላ ቀጠለ። ዑስማን (ረ.ዐ) በ28ኛው ዓመተ ሒጅራ ለሙዓዊያ የቆጵሮስን ዘመቻ ሲፈቅዱ የዑመር ጥንቃቄ በውስጡ ነበር። ማንም እንዳይገደድ፣ ዕጣም እንዳይጣል፣ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን አዘዙ። ሙዓዊያም ባለቤታቸውን ይዘው እንዲሳፈሩ ሆነ። ሰውን ወደ ባሕር የሚልክ የራሱን ቤተሰብ አብሮ ካላስቀመጠ፣ ባሕሩ ደህና ነው ብሎ አይናገር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዘመቻዎችን የመሩት ዐብደላህ ኢብኑ ቀይስ በክረምትና በበጋ 50 ጊዜ ወጥተው አንድም ሰው እንዳልሰጠመባቸው ኢማም ጦበሪ ዘግበዋል። ጥንቃቄ ሲጨመርበት በባሕር መሄድም፣ መመለስም ይቻላል ማለት ነው።

ከኛ የሚጠበቅ

የሰመጡት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለአላህ እዝነት የቀረቡ ናቸው። በውሃ የሰመጠ ከሸሂዶች እንደሚቆጠር በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ማንም በሐዘን ቤት ደጃፍ ቆሞ ራሱ ፈልጎ ሄደ አይበል። ይህ ማለት ግን ጉዞው ይበረታታል ማለት አይደለም። የሻፊዒይ ሊቃውንት ደህንነቱ የማያመዝን የባሕር ጉዞ ለሐጅ እንኳ ግዴታ እንደማይሆን ከደነገጉ፣ ለእንጀራ ሲሆን ምን ሊባል እንደሚችል ግልጽ ነው።

መንግሥታት የሚጠበቅባቸውን እስኪያደርጉ ድረስ በየመስጂዳችን ልናደርገው የምንችለው ሥራ አለ። አንድ ደብተር ይበቃል። የሄደው ልጅ ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የሄደበት ቀን፣ አብረውት የሄዱት፣ የመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቦታ፣ ያለበት ዕዳ። አደጋ በተሰማ ቀን ኢማሙ ወይም የጀመዓው ሽማግሌ ያንን ደብተር ይዞ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለሸሪዓ ፍርድ ቤቱም ምስክር ይሆናል። ልጆቹን ያስማማው ደላላም ከመንደራችን የራቀ አይደለም። ታላቁ ሰሓባ አል-ዐላእ ከተጠየቁ፣ ለኮሚሽን ሲል የሰው ልጅ በማትችለው ጀልባ ላይ የሚያስጭን ሰው በሰርግና በለቅሶ አብሮን እየተቀመጠ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

አላህ (ሱ.ወ) ዑመር ኢብኑል ኸጣብን መልካም ምንዳ ይመንዳቸው፤ ባሕር የወሰደብንን በሸሂድነት ይቀበልልን፤ የጠፉብንን ደህና ከሆኑ ይመልስልን፤ ቤተሰቦቻቸውንም ሰብር ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።